የሕዝብ እንደራሴ ሲያጠፋ ዳኛው ማን ነው?

ኖቬምበር 3 ቀን 2021 ለብሪታኒያ የታችኛው ምክር ቤት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በሌላ ጊዜ ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ የሚጸድቅ ነበር። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አንድ የገዥው ፓርቲ እንደራሴ ክፍያ እየተቀበሉ የሁለት ኩባንያዎችን ጉዳይ ለመንግሥት ባለሥልጣናት ማቅረባቸውን አረጋግጦ ለ30 የስብሰባ ቀናት እንዲታገዱ ሐሳብ አቅርቧል። ከምክር ቤቱ የሚጠበቀው ሐሳቡን ማጽደቅ ብቻ ነበር። መንግሥት ግን አባላቱ ቅጣቱን እንዲያዘገዩና የምርመራው ሥርዓት ራሱ እንደገና እንዲፈተሽ ድምፅ እንዲሰጡ አዘዘ። ማሻሻያው በ250 ድጋፍና በ232 ተቃውሞ አለፈ። አንድ ቀን ሳይሞላ መንግሥት ውሳኔውን አጠፈ፤ እንደራሴውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፓርቲያቸው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ይዞት የቆየውን የምርጫ ክልል አጣ። በዚህ ጽሑፍ ከኢትዮጵያ ውጭ ለተፈጸሙ ጉዳዮች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ክስተት ምክር ቤቶች ሁሉ የሚጋፈጡትን አንድ ጥያቄ አደባባይ አወጣ። ሕግ አውጭው ራሱ ሲያጠፋ መርማሪው ማን ነው? ቅጣቱን የሚወስነውስ?

ፓርላማ ራሱን ለምን ይዳኛል?

ጉዳዩን በቀጥታ ለፍርድ ቤት መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። በብሪታኒያ ይህን የሚከለክል ታሪካዊ ምክንያት አለ። ነገሥታት ያልወደዱትን የእንደራሴ ንግግር በዳኞቻቸው አማካይነት ሲያስቀጡ ከኖሩ በኋላ፣ የ1689ኙ የመብቶች ሕግ በፓርላማ ውስጥ የተነገረና የተከናወነ ነገር በማናቸውም ፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ደነገገ። ይህ ጥበቃ እንደራሴው ያለ ፍርሃት እንዲናገር ያስቻለ ነው። ዋጋው ግን በምክር ቤቱ ውስጥ የሚፈጸም ጥፋት ሁሉ ለምክር ቤቱ ብቻ የሚተው መሆኑ ነው።

ጥበቃው ወሰን አለው። በ2009 የእንደራሴዎች የወጪ ሰነዶች በጋዜጣ ይፋ ሲሆኑ ሕዝቡ እጅግ ተቆጥቶ ነበር። አንዱ እንደራሴ በኩሬያቸው ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ እንዲከፈላቸው መጠየቃቸው ለብዙዎች የዘመኑ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ በማቅረብ የተከሰሱ እንደራሴዎች በፓርላማ ልዩ መብት ለመከለል ቢሞክሩም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 መከራከሪያቸውን ውድቅ አደረገው። የወጪ ደረሰኝ ማቅረብ የፓርላማ ክርክር አይደለምና ጉዳዩ እንደማንኛውም የማጭበርበር ወንጀል ታየ፤ የታሰሩም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የእንደራሴዎችን ወጪ የሚቆጣጠረው ራሱን የቻለ ከፓርላማው ውጭ ያለ ባለሥልጣን ነው።

ወንጀል ያልሆነ ጥፋት ግን በምክር ቤቱ እጅ ይቆያል። የጥቅም ግጭትን አለማሳወቅ፣ በክፍያ ጉዳይ ማስፈጸም፣ ምክር ቤቱን ማሳሳት፣ ሠራተኛን ማዋረድ በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

ጥቆማው ከቀረበ በኋላ

የአሁኑ ሥርዓት መሠረት የተጣለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1994 አንዳንድ እንደራሴዎች ገንዘብ እየተቀበሉ በምክር ቤቱ ጥያቄ ያቀርባሉ የሚል መረጃ በጋዜጦች ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በዳኛ ኖላን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በኮሚቴው ምክርም በ1995 የፓርላማ የሥነ ምግባር ኮሚሽነር ሥልጣን ተፈጠረ። ኮሚሽነሩ እንደራሴ አይደለም፤ የሚሾመው ለአምስት ዓመት ሆኖ ዳግም አይሾምም። ይህ የጊዜ ገደብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሹመቱ እንዲታደስለት የሚፈልግ መርማሪ ዓይኑ ወደ ሿሚዎቹ መመልከቱ አይቀርምና።

እንደራሴው ከፓርላማ ውጭ የሚያገኘውን ገቢ፣ ስጦታ፣ የተከፈለለትን ጉዞና የያዘውን አክሲዮን በሕዝብ ፊት ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ለውጥ ሲኖር በ28 ቀናት ውስጥ ያሳውቃል። ጋዜጠኛም ሆነ ተራ ዜጋ መዝገቡን ከእንደራሴው ድርጊት ጋር አመሳክሮ ለኮሚሽነሩ ጥቆማ ሊያቀርብ ይችላል። ኮሚሽነሩ ማስረጃ የሌለውን ወሬ አይቀበልም። የእንደራሴውን የፖለቲካ አቋምም ሆነ ለመራጮቹ ደብዳቤ የሚሰጠውን መልስ አይመረምርም፤ እነዚህ በምርጫ ቀን የሚዳኙ ናቸው።

ጥፋቱ ቀላል ከሆነና እንደራሴው ካመነ መዝገቡን አርሞ ይቅርታ በመጠየቅ ነገሩ ያበቃል። አብዛኛው ሰው የማይሰማው ይህ መንገድ ብዙ ጉዳዮችን ይዘጋል። ከባዱ ጥፋት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይመራል። ኮሚቴው ሰባት እንደራሴዎችና እንደራሴ ያልሆኑ፣ በግልጽ ውድድር ተመርጠው የሚሾሙ ሰባት ሰዎች አሉት። ከውጭ የመጡት አባላት መጀመሪያ የገቡት በ2013 ሲሆን በድምፅ የመወሰን መብት ያገኙት በ2019 ነው። ያለ ድምፅ የተቀመጡባቸው ስድስት ዓመታት ምክር ቤቱ ራሱን የመዳኘት ሥልጣኑን ለማካፈል ምን ያህል እንደሚያቅማማ ያሳያሉ።

ኮሚቴው በጽሑፍ ወይም በምክር ቤቱ ፊት የሚቀርብ ይቅርታን፣ ደመወዝ የማይከፈልበትን እገዳ፣ ሲከፋም ከአባልነት መሰረዝን ሊያስብ ይችላል። እገዳንና ስረዛን በመጨረሻ የሚያጸድቀው ግን ሙሉ ምክር ቤቱ ነው። የ2021ዱ ችግር የገባው በዚህ በር ነበር።

ወሲባዊ ትንኮሳን፣ ማስፈራራትንና ሠራተኛን ማዋረድን የሚመለከቱ አቤቱታዎች የተለየ መንገድ አላቸው። የቀድሞ ዳኛ ላውራ ኮክስ በ2018 ባወጡት ሪፖርት፣ በምክር ቤቱ ጥቃትን አይቶ እንዳላየ የማለፍና አቤት ባዮችን ዝም የማሰኘት ልማድ መኖሩን ገለጹ። የእንደራሴ ጸሐፊ ወይም ረዳት የሆነች ወጣት አለቃዋን ብትከስ ዳኞቹ የአለቃዋ የሥራ ባልደረቦች፣ ምናልባትም የፓርቲ ጓዶች ነበሩ። ይህን ለማስቀረት በ2020 አንድም እንደራሴ የሌለበት ገለልተኛ የባለሙያዎች ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው የሚወስነው እገዳ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ያለ ክርክር ወደ ድምፅ ይሄዳል። የአቤት ባይዋ ሕይወት በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ክርክር እንዳይበለት የተደረገ ነው።

የኦወን ፓተርሰን ጉዳይ

ኦወን ፓተርሰን የሰሜን ሽሮፕሺር እንደራሴ፣ ቀደም ሲልም የሰሜን አየርላንድና የአካባቢ ጉዳዮች ሚኒስትር ነበሩ። ከሚኒስትርነት ከወረዱ በኋላ ራንዶክስ ለተባለ የጤና ምርመራ ኩባንያና ሊንስ ካንትሪ ፉድስ ለተባለ የሥጋ ውጤቶች አምራች አማካሪ ሆኑ። ከሁለቱ በዓመት የሚያገኙት ክፍያ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ክፍያውን በመዝገብ አስፍረዋል፤ ማማከሩም በዚያን ጊዜ አልተከለከለም ነበር። የተከለከለው ለከፈላቸው ኩባንያ ብለው መንግሥትን መቅረብ ነው። በአማርኛ ጉዳይ ገዳይ የምንለው ዓይነት ሥራ መሆኑ ነው።

ኮሚሽነር ካትሪን ስቶን ሁለት ዓመት የፈጀ ምርመራ አካሂደው 14 የደንብ ጥሰቶችን ለዩ። አሥሩ ለምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ፣ አራቱ ለዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትሮች የቀረቡ ጉዳዮች ነበሩ። እንደራሴው በፓርላማ ቢሯቸው ከደንበኞቻቸው ጋር የንግድ ስብሰባ ማድረጋቸውና የምክር ቤቱ አርማ ባለበት ወረቀት ስለ ግል ጥቅማቸው መጻፋቸውም ተጨመረ። ፓተርሰን ጥፋቱን አልተቀበሉም። ወተት ውስጥ የተገኘ የተከለከለ መድኃኒትንና የተሳሳተ የምግብ መግለጫን ለባለሥልጣናት ያሳወቅሁት ለሕዝብ ጤና ስል ነው ብለው ተከራከሩ። ደንቡ ከባድ አደጋን ለሚያጋልጥ እንደራሴ የሚሰጠው ከለላ ስለነበረ ክርክራቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። ኮሚቴው ግን አቀራረባቸው አደጋን በማሳወቅ ሳያበቃ ለከፋዮቻቸው ጥቅም እስከመሟገት መድረሱን ደምድሟል።

በጉዳዩ ውስጥ ከባድ የግል ኀዘንም ነበር። ምርመራው በመካሄድ ላይ እያለ በጁን 2020 ባለቤታቸው ሕይወታቸውን አጡ፤ ፓተርሰንም ምርመራው ለዚህ የራሱ አስተዋጽኦ እንደነበረው ተናግረዋል። ያቀረቧቸው 17 ምስክሮች በቃል አልተሰሙልኝም፣ ውሳኔውን ይግባኝ የምልበት አካልም የለም የሚል አቤቱታ ነበራቸው። ኮሚቴው የምስክሮቹን የጽሑፍ ቃል ማየቱን ቢገልጽም የይግባኙ ቅሬታ ከተቃዋሚዎችም ዘንድ ሰሚ የሚያገኝ ዓይነት ነበር። ሥርዓቱን ማሻሻል ያስፈልጋል ማለት በራሱ ነውር አልነበረውም።

ነውር የሆነው ጊዜው ነው። የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት የማሻሻያ ሐሳቡን ያመጣው ፍርዱ ከተሰማ በኋላ፣ የራሱን ፓርቲ ሰው በሚመለከት ጉዳይ ላይ፣ አባላቱ በፓርቲ ትእዛዝ እንዲደግፉት አድርጎ ነው። ሥርዓቱን ይፈትሻል የተባለው አዲስ ኮሚቴም አብላጫው ከገዥው ፓርቲ ይሆን ነበር። ተቃዋሚ ፓርቲዎች በኮሚቴው አንገባም አሉ፤ ከገዥው ፓርቲም 13 እንደራሴዎች ትእዛዙን ጥሰው ተቃወሙ። በማግሥቱ ጠዋት የመንግሥት የምክር ቤት ጉዳዮች ኃላፊ ጃኮብ ሪስ ሞግ ለውጡ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረብ እንዳልነበረበት አምነው ሐሳቡን ተዉ። ፓተርሰን በዚያው ቀን ለቀቁ። ኖቬምበር 16 ቀን ምክር ቤቱ የቀድሞ ውሳኔውን ሽሮ የኮሚቴውን ሪፖርት ተቀበለ፤ የሚታገድ እንደራሴ ግን አልቀረም።

ዲሴምበር 16 ቀን በሰሜን ሽሮፕሺር በተካሄደው የማሟያ ምርጫ የሊበራል ዴሞክራቷ ሄለን ሞርጋን በ5,925 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማሻሻያ በተረጋጋ መንፈስ የተሠራ ነው። በ2022 የቀድሞ ዳኛ ኧርነስት ራይደር ሥርዓቱን መርምረው ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ በኮሚቴው ውሳኔ ላይ ለገለልተኛው ጉባኤ ይግባኝ ማለት ተፈቀደ። ፓተርሰን ጎድሎብኛል ያሉት መብት ለተከታዮቻቸው ደረሰ ማለት ነው። ከማርች 2023 ጀምሮ ደግሞ እንደራሴ ስለ ፓርላማ አሠራር በክፍያ ማማከሩ ራሱ ተከለከለ።

የመጨረሻው ቃል የመራጩ ሲሆን

ምክር ቤት የተመረጠን ሰው ማባረር ሲጀምር ሌላ ችግር ይመጣል። ጆን ዊልክስ የተባሉ የመንግሥት ነቃፊ ጋዜጠኛ በ1769 ከታችኛው ምክር ቤት ተባረሩ። የሚድልሴክስ መራጮች ደጋግመው መረጧቸው፤ ምክር ቤቱም ደጋግሞ ምርጫውን ሰረዘ። በመጨረሻ ዊልክስ 1,143 ድምፅ አግኝተው ሳለ 296 ድምፅ ያገኙት ተፎካካሪያቸው አሸናፊ ናቸው ተባለ። ምክር ቤቱ ይህን አሳፋሪ ውሳኔ ከመዝገቡ የፋቀው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1782 ነው። ከአባልነት መሰረዝ ዛሬም በሕግ ያለ ቅጣት ቢሆንም በብሪታኒያ ከ1954 ወዲህ ተፈጽሞ አያውቅም።

በምትኩ የ2015ቱ እንደራሴን የማንሳት ሕግ መሃከለኛ መንገድ ከፈተ። እንደራሴው በወንጀል ተፈርዶበት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ እስራት ከተወሰነበት፣ ሐሰተኛ ወጪ አቅርቦ ከተፈረደበት ወይም ምክር ቤቱ ለ10 የስብሰባ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ካገደው በምርጫ ክልሉ ለስድስት ሳምንት የፊርማ መዝገብ ይከፈታል። ከተመዘገበው መራጭ 10 በመቶው ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የተነሳው ሰው በማሟያ ምርጫው እንደገና መወዳደር ይችላል። መንግሥት ለፓተርሰን 30 ቀን ያን ያህል የተጨነቀበት ምክንያትም ከዚህ ይገኛል፤ እገዳው ቢጸድቅ መዝገቡ ይከፈት ነበር።

ሕጉ ክፍተት ነበረበት። በሜይ 2021 አንድ እንደራሴ በገለልተኛው ጉባኤ ውሳኔ ለስድስት ሳምንት ሲታገዱ የፊርማ መዝገብ አልተከፈተባቸውም፤ ሕጉ የሚያውቀው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሪፖርት የመጣ እገዳን ብቻ ነበርና። ወሲባዊ ጥፋት ያጠፋ ከመራጩ ሲያመልጥ የጥቅም መዝገቡን ያላሟላ የሚጠየቅበት ሁኔታ ተፈጠረ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደንቡን አርሞ ክፍተቱን ዘጋ።

አሜሪካ ያለ ፊርማ መዝገብ የምትሠራ አገር ናት። ሕገ መንግሥቷ እያንዳንዱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አባሉን እንዲያባርር ይፈቅዳል። የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ሥልጣን በታሪኩ የተጠቀመበት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስድስተኛው ዲሴምበር 1 ቀን 2023 በ311 ለ114 ድምፅ የተባረሩት ጆርጅ ሳንቶስ ናቸው። ምርመራውን ያካሄደው ከሁለቱም ፓርቲዎች እኩል አባላት ያሉት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነበር። ከእርሳቸው በፊት ከተባረሩት አምስቱ ሦስቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከተገንጣዩ ወገን የቆሙ፣ ሁለቱ ደግሞ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉ ናቸው። ሳንቶስ ሁለቱንም አልነበሩም፤ የተቃወሙት አባላት ዋነኛ መከራከሪያም ፍርድ ቤቱ ይቅደም የሚል ነበር።

ያለመከሰስ መብትና የኢትዮጵያ ድንጋጌዎች

በኢትዮጵያ ስለ ምክር ቤት አባል ተጠያቂነት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ያለመከሰስ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ሁለት የተለያዩ ጥበቃዎችን ያስቀምጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም፤ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። በሌላ ጉዳይም ቢሆን እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። የመጀመሪያው ጥበቃ ከብሪታኒያው የ1689 ሕግ ጋር በዓላማ ይገጥማል። ሁለተኛው ግን በብሪታኒያ የለም፤ በዚያ እንደራሴ በወንጀል ሲጠረጠር ፖሊስ የምክር ቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም።

ያለመከሰስ መብትን ማንሳትና ዲሲፕሊን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምክር ቤት ያለመከሰስ መብትን ሲያነሳ ጥፋተኛ ነው ብሎ አይፈርድም፤ መንገዱን ለፍርድ ቤት ይከፍታል እንጂ። በዲሲፕሊን ግን መርማሪውም ፈራጁም ራሱ ምክር ቤቱ ነው። የኢትዮጵያ ምክር ቤት ለዚህ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ አለው። የጥቅም ግጭትን በተመለከተም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ተመራጮችን ይጨምራል።

መራጩ ተወካዩን ስለማንሳቱም ሕገ መንግሥቱ ዝም አላለም። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ አባሉ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት በሕግ መሠረት ከአባልነት እንደሚወገድ ያክላል። ይህ አነጋገር ከብሪታኒያው ሕግ የሰፋ ነው። በብሪታኒያ የተረጋገጠ ጥፋትና የተወሰነ ቅጣት መቅደም አለበት፤ በኢትዮጵያ ድንጋጌ መነሻው አመኔታ ማጣት ብቻ ነው።

የፊርማው ሥርዓት በሥራ ላይ ሲውል ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። በ2018 የመጀመሪያው መዝገብ የተከፈተው የሲሪላንካ መንግሥት የከፈለላቸውን ሽርሽር ባላስመዘገቡት በሰሜን አንትሪሙ እንደራሴ ኢያን ፔዝሊ ላይ ነበር። የፈረመው ሰው 9.4 በመቶ በመሆኑ ከወንበራቸው አልተነሱም። በ2019 የዌልሱ እንደራሴ ክሪስ ዴቪስ በሐሰተኛ የወጪ ደረሰኝ ከተፈረደባቸው በኋላ ከመራጮቻቸው 19 በመቶ ያህሉ ፈረመ። ወግ አጥባቂ ፓርቲ ግን ለማሟያ ምርጫው እርሳቸውኑ መልሶ በዕጩነት አቀረባቸው። ኦገስት 1 ቀን መራጩ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ ወንበሩንም የሊበራል ዴሞክራቷ ጄን ዶድስ ወሰዱት።